ጠዋት የጠረግሁትን ቀትር ላይ ማን ነው የሚመልሰው?

ጥር 3፣ ማታ

ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ነበር። ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ሁለት ቀን ስፌት ማሽኔ አጠገብ ተሰቅሎ ባለቤቷን ሲጠብቅ ከረመ። ዛሬ መጣች። ዘረጋሁላት። ከትከሻው እስከ እጅጌው፣ እጥፋቱን ተከትሎ፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ግራጫ መስመር። አቧራ። ሴትየዋ ምንም አላለችም። አለማለቷ ነው የባሰብኝ። አጥቤ ተኩሼ ነገ እንደማደርስላት ነግሬ ሸኘኋት።

ያናደደኝ ቀሚሱ ብቻ አይደለም። የምሰፋበትን ክፍል በየቀኑ እጠርጋለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወለሉ ተጠርጎ ጠረጴዛው ተወልውሏል። 4 ሰዓት ላይ የማሽኑ ጥቁር አንገት ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። ባለቤቴ እንዲያውም ጽፎበታል፤ "እንዴት ዋልሽ" ብሎ።

ቤታችን ኮምቦልቻ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ገረጋንቲ የፈሰሰበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ዳር። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቀን ነው፤ ግን ሐረጎን ወጥታችሁ የምትደርሱባት፣ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ጭጋግና ብርድ የማያጣት ከተማ ናት። እኛ ሞቅ ያልን ነን። ክረምቱ ከወጣ በልግ እስኪጥል መንገዱ ዱቄት ይሆናል፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይነሳል። የምንኖረው ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ ቀለም የተቀባ። ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ይህን ያነሳሁት "ታዲያ በየሰዓቱ በውሃ ወልውይው!" ለሚለኝ ሰው ነው።

ከነገ ጀምሮ የምሞክረውን ሁሉ እዚህ አሰፍራለሁ።

ጥር 4

መጀመሪያ መለኪያ ያስፈልገኛል። "ቀነሰ"፣ "ጨመረ" የሚባለው ነገር እንደ ስሜቴ ነው የሚለዋወጠው። አሮጌ የሰርግ ቪዲዮ የነበረባቸው አራት ሲዲዎች አወጣሁ (የእኛ አይደለም፤ የእኛን ማን ይነካዋል)። አጽድቼ አንዱን ስፌት ማሽኑ አጠገብ፣ አንዱን ቁምሳጥን ላይ፣ አንዱን በሩ ሥር፣ አንዱን አልጋ ሥር አስቀመጥሁ። ከአንድ ሙሉ ቀን በኋላ ስኮች ለጥፌባቸው፣ ስኮቹን አንስቼ ጥቁር ወረቀት ላይ እለጥፋለሁ። ቀኑን ጎኑ ላይ እጽፋለሁ። ሳይንስ አይባልም፤ ግን አይዋሽም።

ጥር 5

አራቱ ወረቀቶች አራት ዓይነት ናቸው። የበሩ ሥር ሻካራ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ቀለሙ የመንገዱ ቀለም። የአልጋው ሥር ፀጉርና የብርድ ልብስ ጭረት። የቁምሳጥኑ ደቃቅ ነው፤ ከመድቀቁ የተነሳ ስኮቹ ላይ ጭጋግ ይመስላል። የማሽኑ አጠገብ ያለው ደግሞ ደቃቁም ክሩም ተቀላቅሎበታል። ትንንሽ ቀይ ክሮች አየሁ። ቀይ ምን አለኝ? አልገባኝም።

ጥር 7፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ዛሬ መብራት ሄደ፤ ጥሩ አጋጣሚ። ክፍሉ ጨለማ። ባለቤቴ የስልኩን መብራት ከጎን ይዞ ቆመ፣ እኔ እንደ ወትሮው በደረቁ ጠረግሁ። ጉድ ነው! ቀን የማይታየው በጨረሩ ውስጥ እንደ ጭስ ይንቦለቦላል። መጥረጊያው ወለሉን በመታ ቁጥር እስከ ደረቴ ይነሳል። ጠርጌ ጨርሼ፣ ቆሻሻውን በአካፋ አውጥቼ ስመለስ፣ በአየር ላይ የቀረው ካወጣሁት የሚያንስ አይመስልም።

ባለቤቴ ፊዚክስ ያስተምራል። ፊዚክሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤታችን ጠቀመ። ወረቀት አውጥቶ ሲያሰላ አመሸ። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ ነው። እፍግታዋ የውሃን ያህል ነው ብንል፣ 100 ማይክሮን የሆነች የአቧራ ቅንጣት ከ2 ሜትር ከፍታ 10 ሰከንድ ሳይሞላ መሬት ትደርሳለች። 10 ማይክሮን የሆነችው ግን ፀጥ ባለ አየር ውስጥ እንኳ 11 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። 1 ማይክሮን የሆነችው ከ15 ሰዓት በላይ ትንሳፈፋለች። ይህ ማንም ሳይንቀሳቀስ ነው። እኔ በመካከል ስመላለስ፣ በር ሲከፈት፣ ልጅ ሲሮጥ እንደገና ትነሳለች።

እኔ ደግሞ ምን ሳደርግ ነው የኖርሁት? እጠርጋለሁ፣ 5 ደቂቃ ሳይቆይ ጠረጴዛውን እወለውላለሁ፣ ጨረስሁ ብዬ ቡና አፈላለሁ። ቡናው ሲፈላ አቧራው ቀስ እያለ እየወረደ ነው። 4 ሰዓት ላይ ማሽኑ ላይ የማገኘው ከመንገድ የመጣ አዲስ አቧራ ብቻ አይደለም። ብዙው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እኔው ከወለል አንስቼ የበተንሁት ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ጥር 8

ቅደም ተከተሉን ቀየርሁ። ከላይ ወደ ታች፦ ቁምሳጥን፣ የመስኮት ደፍ፣ ከዚያ ወለል። ወለሉ ከተጠረገ በኋላ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ውጭ ልብስ አጠብሁ። ተመልሼ ጠረጴዛውንና ማሽኑን በእርጥብ ጨርቅ። ይህቺ ብቻ ቀላል የማይባል ለውጥ አመጣች። ወጪዋ ዜሮ ብር ነው።

ጥር 9

በደረቁ መጥረግ ይቅር ብዬ ውሃ ረጨሁ። አበዛሁት። አቧራው ጭቃ ሆኖ ሊሾው ላይ ካርታ ሳለ፤ ሲደርቅ መልሶ አቧራ ሆነ። አንድ ባልዲ ውሃ ለማጠቢያ ሄደ። ባልዲ ሙሉ ውሃ በእኛ ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ካለው የእንጨት ሥራ ቤት አንድ ፌስታል ሰጋቱራ ለመንሁ። "ለዶሮ ነው?" አለኝ ልጁ። ለቤት ነው ብለው ሳቀብኝ። እፍኝ ሙሉ ሰጋቱራ ወስዶ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጎ ማሸት ነው። ሲጨመቅ ውሃ የማይንጠባጠብ፣ ግን እጅ ላይ የሚጣበቅ መሆን አለበት። ከጥጉ ጀምሮ በትኖ በመጥረጊያ ወደ በር መግፋት። ደቃቁን እየለቀመ ይሄዳል። በስልክ መብራት አየሁት፤ ከወለሉ የሚነሳው ጭስ የቀድሞው ሩብ አይሆንም። ከግማሽ ብርጭቆ በላይ ውሃ አልፈጀም። ቀይ እንጨት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ቀለም ይለቃል። የነጭ ባሕር ዛፉን ነው የተጠቀምሁት።

የቡና አተላም በዚያው ሞከርሁ። ይሠራል። ግን ሊሾው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ያደረ ጀበና ሸተተ። ተውሁት።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። መለካቱን ትቼዋለሁ። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ እግሩ ላይ የኮምቦልቻን ግማሽ ይዞ ገብቷል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንኳን አደረሳችሁ ለማለት መጥተው ነበር፤ ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ደስ ብሎናል። ቀጤማ ጎዝጉዤ ነበር። አንድ የታዘብሁት ነገር አለ። ቀጤማው እርጥብ ሳለ አቧራውን ይይዛል፤ ሰው እየረገጠው እንኳ አይነሳም። ዛሬ ጠዋት ግን መሰባበር ጀምሯል። ሦስተኛ ቀን ካደረ ራሱ አቧራ ነው። ሳይደርቅ ጠቅልዬ አወጣሁት።

እናቴ ከገጠር ለበዓሉ መጥታለች። ሰጋቱራውን ስበትን አይታ "ይኼስ የኛው እበት አይደል?" አለች። እውነቷን ነው። ልጅ ሆኜ፣ ሐይቅ አካባቢ፣ የአፈር ወለላችንን በየሳምንቱ በእበት ትለቀልቀው ነበር። ትኩስ እበት፣ ትንሽ አፈር፣ ውሃ፤ በእጅ ግማሽ ክብ እየተሳለ ከጓዳ ወደ በር። ሲደርቅ ቅጠል ቅጠል ይሸታል፤ ወለሉ ይጠነክራል። ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ገለባ ገለባው የእበቱ ጭረት አፈሩን አያይዞ እንዳይነሳ የሚያደርግ ነው። "ሲሚንቶ ሆነ ብላችሁ አቧራ ቀረ መሰላችሁ" አለችና ቡናዋን ፉት አለች። መልስ አልነበረኝም።

ጥር 14

በሩ። የብረት በር ነው፤ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። ምሽት ላይ የቤቱን መብራት አጥፍቶ በውጭው መብራት ማየት በቂ ነው፤ ክፍተቱ እንደ ነጭ ክር ይታያል። ከጎማ ቤት ያረጀ የመኪና ከመነዳሪ ገዛሁ። 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ አድርጌ በልብስ መቀሴ ቆረጥሁት። (መቀሱ ደነዘ። የጨርቅ መቀስ ለጎማ የማይሆን መሆኑን ሁለት ተለማማጅ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ምን ይባላል?) በሩ ተበስቶ፣ ጎማው ላይ ቀጭን የላሜራ ቁራጭ ተደርጎ፣ በብሎን ታሰረ። ብየዳ ቤቱ ልጅ መጥቶ ነው የበሳልኝ።

መጀመሪያ በረዘመ ልክ አሰርሁት። በሩ አልከፈት አለ። እናቴ ውስጥ ናት፣ እኔ ውጭ። በመስኮት ቢላ አቀብላኝ ጎማውን ከውጭ ቆረጥሁት። ልኩ ጎማው መሬቱን ለመንካት ያህል እንጂ ለመታጠፍ ያህል አይደለም።

ደፉ ላይ ሁለት ምንጣፍ ተደረገ። ውጭ ሁለት የተደረበ የጆንያ ቁራጭ ለሻካራው፤ ውስጥ በየጠዋቱ በትንሹ የሚረጥብ አሮጌ ፎጣ ለደቃቁ። ጫማ በረንዳ ይቀራል። ደንበኞች ቅር እንዳይላቸው ስድስት ነጠላ ጫማ ደርድሬያለሁ።

ጥር 16

የበሩ ሥር ወረቀት ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። የማሽኑ አጠገብ ያለው ግን እንዳለ ነው። ቀይ ክሮቹም አሉ።

ጥር 17

ሐጂ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈተላ ክፍል ውስጥ ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው። ሱሪያቸውን ሊያሳጥሩ ነበር የመጡት። ወረቀቶቹን ግድግዳ ላይ ተለጥፈው አይተው መነጽራቸውን አወጡ። ጠጋ ብለው አዩ። "ልጄ፣ ይኼ የመንገድ አቧራ አይደለም። ይኼ አንቺ ነሽ።"

ቀዩ ለሳምንት ስቆርጠው የሰነበትሁት የመጋረጃ ጨርቅ ነው። ለካስ ጨርቅ በተቆረጠ ቁጥር፣ መርፌ ጨርቁን በወጋ ቁጥር ክር ይረግፋል። ፈተላ ክፍል ውስጥ አየሩ ላይ ሆን ብለው እርጥበት እንደሚጨምሩበት ነገሩኝ። አየሩ ሲደርቅ ጥጡ ይበናል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ፖሊስተሩ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሞላና ያገኘውን ሁሉ ይስባል። "እዚያ መጥረጊያ በደረቁ ማንሳት ያስቆጣ ነበር" አሉ። ከዚያ ማሽኔን አስከፈቱኝ። ከመርፌው ሥር ያለችውን ብረት በሁለት ብሎን ፈታኋት። ጥርሱ መካከል ያለው እንደ ኮፍያ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ነበር፤ በወስፌ ስስበው አንድ ቁራጭ ሆኖ ወጣ፤ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ በመካከሉ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ድርብርብ። ያለፈውን ስድስት ወር የሰፋሁትን ሁሉ እንደ ንብርብር ኬክ ማንበብ ይቻላል። ያ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፤ መስከረም።

ሳላስበው በአፌ እፍ ልለው ጎንበስ ስል ሐጂ ክንዴን ያዙኝ። "ኧረ አብሽሪ! መልሰሽ ሳንባሽ ውስጥ ልትከቺው ነው?" በትንሽ የቀለም ብሩሽ ወደ እርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ ማውረድ ነው እንጂ እፍ ማለት የለም።

ለሱሪው አላስከፈልኋቸውም። አልቀበልም ብለው ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄዱ።

ጥር 19

መቁረጫውን ከማሽኑ አራቅሁት። ጨርቅ የሚቆረጠው አሁን በረንዳ ላይ ነው፤ ነፋስ ካለ ጓዳ፣ መሬት ላይ እርጥብ አንሶላ አንጥፌ። ጭረቱ አንሶላው ላይ ይቀራል፤ ጠቅልዬ ውጭ እለቅመዋለሁ። ማሽኑ በየሁለት ቀኑ ይከፈታል፤ ይህን ካደረግሁ በኋላ ድምፁም ለስልሷል። ያለቀ ነጭ ልብስ እጥፋቱ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ በታጠበ አሮጌ አንሶላ ከረጢት ውስጥ ይሰቀላል። ላስቲክ ሞክሬ ነበር፤ ከላይ አቧራ ይስባል፣ ስታወጡት ልብሱ ላይ ያራግፈዋል።

ብርድ ልብስና ጋቢም ቤት ውስጥ ማራገፍ ቀርቷል። ውጭ፣ ነፋሱ ከቤቱ በሚርቅበት በኩል።

ጥር 22

የዛሬው ሞኝነት ይጻፍ። ቬንትሌተር ከእህቴ ተውሼ፣ ከኋላው እርጥብ አቡጀዴ ወጥሬ አሰርሁ። ሐሳቡ አየሩን እንዲያጣራ ነበር። አቡጀዴው እርጥብ ሳለ አየር አያሳልፍም፤ ሞተሩ ጋለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረቀ። ሲደርቅ የሚያሳልፈው አየር ቁምሳጥን ላይ የሰፈረውን ሁሉ አነሳው። የዛሬው ወረቀት ከጀመርሁበት ቀን ይብሳል። መልሼላታለሁ።

ይልቅ መስኮቱ ላይ ሰዓት ወጣለት። ጠዋት ባጃጅ ሳይበዛ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ይዘጋል። ይሞቃል። ምን ይደረግ።

ጥር 25–26

ኮርኒሱ። ይህን እያወቅሁ ስሸሸው ነው የቆየሁት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲመታ የጆንያው ኮርኒስ ይተነፍሳል፤ ሆድ እንዳለው ነገር ወደ ታች ይነፋና ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር ከስፌቱ መካከል ደቃቅ ነገር ይረግፋል። የቁምሳጥኑ ወረቀት ላይ የነበረው ጭጋግ ይኸው ነው፤ ጥላሸት አለበት። ከእኛ በፊት የነበሩት እዚህ ክፍል ውስጥ በከሰል ያበስሉ ነበር አሉ።

አከራያችንን አስፈቀድሁ። "እትዬ፣ ኮርኒሱን ልነካካው ነው" አልኋቸው። "እንዳትቀጂው ብቻ" አሉኝ። ማሽኑን ወደ ሌላው ክፍል አወጣን፣ አልጋውን በላስቲክ ሸፈንን፣ ባለቤቴ በመጥረጊያ ጫፍ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ነካው። ቀስ ብሎ ነው ያለው። የወረደውን ልዘረዝር አልፈልግም፤ ጥላሸት፣ የግድግዳ ጭቃ፣ የአይጥ ነገር። አፋችንን በነጠላ አስረን እንኳ እስከ ማታ ጥቁር አስለናል። ቤቱን ለማጠብ የሁለት ቀን ውሃ ሄደ። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ውሃ በሚመጣበት ዋዜማ ጀምሩት፤ እኛ ማግሥቱን ነው የጀመርነው።

ቀዳዳውን መድፈን ግን የእኔ ሙያ ነው። አቡጀዴ በ6 ሴንቲ ሜትር ወርድ እየቀደድሁ፣ በኮላ እየነከርሁ፣ ስፌቱን በሙሉ ከሥር ለጠፍሁበት። ግድግዳውና ኮርኒሱ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ሁለት ድርብ። ኮላው ከደረቀ በኋላ ኮርኒሱ አሁንም ይተነፍሳል፤ ግን አይረግፍም። አንገቴ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያየው።

የካቲት 2

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ለጠፍኋቸው። የበሩ ሥር፦ ጥቁር ወረቀቱ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የቁምሳጥኑ፦ ጭጋጉ ሳስቷል፣ አልጠፋም። የአልጋው ሥር ብዙም አልተለወጠም፤ ሰው ተኝቶበት ቆዳውና ብርድ ልብሱ ሲረግፍ ያድራል፣ የሚሻለው ቶሎ ቶሎ በእርጥብ ማንሳት ብቻ ነው። የማሽኑ፦ ክሩ ጥቂት። ለውጡን በቀን ብነግራችሁ፣ በፊት በሦስት ሰዓት የሚሞላው አሁን ሁለት ቀን ተኩል ይፈጃል። በእኔ ዓይን ነው የለካሁት፤ ግን ባለቤቴ ማሽኑ ላይ የሚጽፍበት ካጣ ሰንብቷል።

አሁን የቀረው ሥራ ትንሽ ነው። ጠዋት ከላይ ወደ ታች፤ በሁለት ቀን አንዴ ሰጋቱራ፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ማሽንና ጠረጴዛ። ጨርቁ ውሃ የሚንጠባጠብበት መሆን የለበትም፤ ጥብቅ ተደርጎ የተጨመቀ። አራት ላይ እጠፉት፤ በሁለቱም በኩል ስምንት ንጹሕ ፊት ይኖረዋል። አንዱ ሲቆሽሽ ወደ ሌላው መገልበጥ። በቆሸሸው ፊት መወልወል አቧራውን ማዘዋወር ነው። ሁሉም አንድ ላይ 3 ሊትር ውሃ አይሞላም።

የካቲት 6

እትዬ ዛሬ በእኛ በር ሥር እግራቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያደርጉ አየኋቸው፤ ጎማውን እየመረመሩ። "ይኼን ነገር ለኔም ታደርጊልኛለሽ?" አሉ። ከመነዳሪው ለአንድ በር የሚሆን ተርፎኛል። የብየዳው ልጅ ነገ ይመጣል። መቀስ ግን አላዋጣም፤ ቢላ ይዘው ይምጡ አልኋቸው።